የታመመውን ሻጋታ አትጣሉብን

ይድረስ ለምርምር ማዕከላችን የበላይ አመራር

ጉዳዩ፦ «ደካማ» የተባሉ የፈንገስ ናሙናዎች እንዲወገዱ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ የማዕከሉ አመራር አባላት፣

በቅርቡ በወጣው የውስጥ ማስታወሻ መሠረት፣ በክምችት ክፍሉ ካሉት በሽታ አምጪ ፈንገሶች መካከል በዝግታ የሚያድጉ፣ ቀለማቸውን የለቀቁ፣ ስፖር (የፈንገስ መራቢያ ቅንጣት) የማይሰጡ ወይም ተክል ላይ ተሞክረው በሽታ ያላሳዩ ናሙናዎች በሙሉ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ቀቅሎ የሚገድል ማሽን) ገብተው እንዲወገዱ ታዟል። የተሰጠው ምክንያት የዲፕ ፍሪዘር ቦታ ጥበት ነው። ቦታ መጥበቡን አንክድም፤ ሳጥን በሳጥን ላይ የምንደረድረው እኛው ነን። የተመረጠው መስፈርት ግን ፈንገስን የሚያዳክሙ ቫይረሶች ሊገኙባቸው የሚችሉትን ናሙናዎች አንድ በአንድ ለቅሞ የሚጥል ነው። በውስጥ ያቀረብነው ማብራሪያ «ታይቷል» ከሚል ማህተም በቀር መልስ ስላላገኘ በግልጽ ለመጻፍ ተገድደናል።

ፈንገስም እንደ ሰብሉ ይታመማል። በፈንገስ ውስጥ ቫይረስ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው በ1962 በእንግሊዝ አገር፣ ለምግብ በሚለማ እንጉዳይ ላይ ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለእንጉዳይ አምራቹ ያ ቫይረስ ኪሳራ ነበር። ፈንገሱ የሰብል ጠላት ሲሆን ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። እርግጥ አብዛኞቹ የፈንገስ ቫይረሶች ምንም ምልክት አያሳዩም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ፈንገሱን ያጎለብቱታል። የምንፈልጋቸው ጥቂቶቹን፣ ፈንገሱን አክስተው በሽታ የማስያዝ አቅሙን የሚሰብሩትን ነው። እነሱ የያዙት ፈንገስ ደግሞ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ሲታይ መልኩ ማስታወሻው የዘረዘረው ነው፦ ቀርፋፋ፣ ቀለም አልባ፣ ስፖሩ የሳሳ።

ይህ ግምት አይደለም። የቼስትነት ዛፍን የሚገድለው ክሪፎኔክትሪያ ፓራሲቲካ የተባለ ፈንገስ ከምሥራቅ እስያ ተነሥቶ በ1904 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ታየ። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የአሜሪካ ቼስትነቶችን ጨረሰ። በ1938 ጣሊያን፣ ጄኖቫ አካባቢ ተገኘ፤ እዚያም ያው ጥፋት ይጠበቅ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን አንቶኒዮ ቢራጊ የተባለ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ቁስላቸው እየሻረ ያለ ዛፎችን አስተዋለ። ፈንገሱ ቅርፊቱ ላይ አለ፤ ወደ ውስጥ ግን አልዘለቀም። ፈረንሳዊው ዣን ግራንት ከእንዲህ ያለ ቅርፊት ፈንገሱን አውጥቶ ሲያሳድግ ያገኘው የተለመደውን ብርቱካናማ ሻጋታ ሳይሆን ነጭ፣ ስፖሩ አነስተኛ የሆነ ሻጋታ ነበር። ነጩን ከብርቱካናማው ጎን ሲያሳድገው ብርቱካናማውም ነጭ ሆነ። ዛፍ ላይ፣ በቁስሉ ዙሪያ ቅርፊቱን እየበሱ ነጩን ሲሞሉበት ቁስሉ መስፋፋቱን አቆመ።

ግራንት ይህን ሁሉ ያደረገው ቫይረስ መሆኑን ሳያውቅ ነው። በ1977 ኮኔክቲከት ያሉ ተመራማሪዎች በደካማዎቹ ናሙናዎች ውስጥ ድርብ ፈትል አር ኤን ኤ፣ ማለትም የብዙ የፈንገስ ቫይረሶች የዘር ቁስ የሚገኝበትን ቅርጽ፣ አገኙ። በ1991 12,700 ገደማ ፊደላት ያሉት የቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል ተነበበ። በ1992 ደግሞ የቫይረሱ ዘር ቅጂ ቫይረስ ወደሌለበት ፈንገስ ገብቶ ፈንገሱን ሲያደክመው በመታየቱ፣ ምክንያቱ ቫይረሱ ራሱ መሆኑ ተረጋገጠ። የእኛ ማስታወሻ በግራንት ላቦራቶሪ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ያ ነጭ ሳህን «ቀለሙን የለቀቀ» ተብሎ በዚያው ሳምንት ይቀቀል ነበር።

ሌላም እንጨምር። ቻይና፣ ዉሃን ውስጥ በ2010 ይፋ የሆነው የስክለሮቲኒያ (የሰብል በሽታ አምጪ ፈንገስ) ቫይረስ የተገኘው ዲቲ-8 ከሚባል ናሙና ነው። ናሙናው በዝግታ የሚያድግ፣ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ በሽታ ማስያዝ የማይችል ነበር። ቫይረሱ 2,166 ፊደላት ብቻ ያሉት ክብ ዲ ኤን ኤ ሲሆን፣ ከአብዛኞቹ የፈንገስ ቫይረሶች በተለየ ከውጭ ተረጭቶም ፈንገሱን ይይዛል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን።

የመጀመሪያው መስፈርቱ ነው። አንድ ናሙና ለምን ደካማ እንደሆነ ሳይጠየቅ «ደካማ ነው፣ ይወገድ» ተብሏል። ሻጋታ የሚደክመው በብዙ ምክንያት ነው። በተደጋጋሚ ከሳህን ሳህን ሲገለበጥ ያረጃል፤ ሚውቴሽን ያገኘዋል፤ ባክቴሪያ ይደባለቅበታል፤ የድንች አጋሩ (ሻጋታው የሚያድግበት ምግብ) ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ መካከል ቫይረስ ያለበት ጥቂቱ ነው፤ እያንዳንዱ ሳህን ወርቅ ነው አላልንም። ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ፈተና ግን ከሳህን፣ ከአጋርና ከትዕግሥት ያለፈ ወጪ የለውም።

ፈተናው እንዲህ ነው። በ9 ሴንቲ ሜትር ሳህን ላይ፣ ወደ አንዱ ጠርዝ ተጠግቶ፣ ከደካማው ናሙና 5 ሚሊ ሜትር የምትሆን የአጋር ቁራጭ ይቀመጣል። ከእሱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ በመሃል በኩል፣ ከጤነኛውና ከኃይለኛው ናሙና እኩል ቁራጭ ይደረጋል። የባቄላው ቦትራይቲስ (ቸኮሌት ስፖት የተባለውን የቅጠል በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ) ከሆነ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ላይ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ክሮቻቸው ተገናኝተው ከተዋሐዱ በአንዱ ውስጥ ያለው ወደ ሌላው ይፈስሳል። ከዚያ ከጤነኛው ወገን፣ ከመገናኛው በጣም ከራቀው ጠርዝ ቁራጭ ተወስዶ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። በመጨረሻም በእርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ በተዘረጋ የባቄላ ቅጠል ላይ ይፈተናል፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የቁስሉ ስፋት ይለካል። ጤነኛ የነበረው ከደከመ፣ ድካሙ በንክኪ ይተላለፋል ማለት ነው። በሚውቴሽን ወይም በእርጅና የመጣ ድካም ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ አይተላለፍም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ተቀባዩ ራሱ መሆኑን በምልክት፣ ለምሳሌ ሃይግሮማይሲን የተባለ ፈንገስ ገዳይ መድኃኒትን በመቋቋሙ፣ ካልለየነው ሰጪው አልፎ አድጎ «ተላለፈ» ብለን ራሳችንን ልናታልል እንችላለን። ሁለቱ ናሙናዎች የማይጣጣሙ ከሆኑ ደግሞ መገናኛው ላይ ክሮቹ ይሞታሉ፣ የመለያያ መስመር ይታያል፣ ቫይረስ ቢኖርም ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ ደካማ ናሙና ከአንድ ጤነኛ ጋር ብቻ ተሞክሮ «የለበትም» አይባልም፤ ከበርካታ ጤነኞች ጋር መሞከር አለበት። ፈተናውን ያለፈም ቢሆን ገና ቫይረስ ነው አይባልም፤ የታመመ ማይቶኮንድሪያም (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ) በዚሁ መንገድ ይተላለፋል። ማስታወሻው ግን ለዚህ ሁሉ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሰጠም። ከነሐሴና ከመስከረም የባቄላ ማሳ፣ ከቸኮሌት ስፖት ቁስል የወጡ ነጫጭ ሳህኖች ይህን ፈተና ሳያዩ ነው የተቀቀሉት።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሳይጣሉ የሚጠፉትን ይመለከታል። ይህ ከማስታወሻው በፊትም የነበረ ችግር ነው፤ የአሠራር መመሪያችን ያመጣው ነው። መመሪያው «ንጹሕ ናሙና» ለማግኘት ከአንድ ስፖር እንድናሳድግና በየወሩ «ከብርቱው ጠርዝ» እየቆረጥን እንድንገለብጥ ያዛል። ለበሽታው ጥናት ትክክል ነው። ቫይረስ ላለበት ናሙና ግን ፈውስ ነው፤ ያውም ያልተፈለገ ፈውስ። ቫይረሱ ወደ ሁሉም ስፖር አይገባም። የቼስትነቱ ቫይረስ ወደ ኮኒዲያ (ያለ ጾታ የሚፈጠሩ ስፖሮች) ያልፋል፣ ያውም ወደ ሁሉም አይደለም፤ በጾታ ተራክቦ ወደሚወለዱት አስኮስፖሮች ግን አይገባም። በአንድ ስፖር ያጠራነው ናሙና ከቫይረሱ ነፃ የወጣ ሊሆን ይችላል። ከሳህኑ ጠርዝ ደንደን ብሎ የሚፈጥነው ክፍልም ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ያመለጠው ክፍል ነው፤ ቴክኒሻኑ በመመሪያው መሠረት ሲቆርጥ የሚያነሣው ያንኑ ነው። ሦስት አራት ዙር ሲገለበጥ ናሙናው «አገገመ» ተብሎ ይመዘገባል።

የሚያስፈልገው ቀላል ነው። መጀመሪያ የወጣው ሳህን ስፖሩ ሳይነጠል፣ ክሩ እንዳለ ይቀመጥ። ከኮሎኒው መሃልም ከጠርዝም ተቆርጠው 5 ወይም 6 የአጋር ቁራጮች 20 ከመቶ ግሊሰሮል ባለበት ቱቦ ገብተው ወደ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሂዱ። እኩል ቁጥር ያላቸው ቁራጮች ደግሞ በማይክሮብ አልባ ውኃ ውስጥ በ4 ዲግሪ ይቀመጡ። የውኃው ቅጂ ለምን ካላችሁን፣ መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩ ሳይነሣ ሲቀር የማይቀልጠው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። በሲሊካ ጄል ላይ ስፖር ማድረቅ ለእነዚህ አይሆንም፤ ስፖር ስለማይሰጡ ነው ደካማ የተባሉት።

ሦስተኛው፣ ግዥ። ድርብ ፈትል አር ኤን ኤ ለማውጣት የሚሠራበት ዘዴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። 5 ግራም ያህል የሻጋታ ክር በፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈጫል፤ በፌኖልና በክሎሮፎርም ይጠራል፤ ፈሳሹ ኢታኖሉ 16 ከመቶ እንዲሆን ተደርጎ ከሴሉሎስ ዱቄት ጋር ይደባለቃል። በዚያ መጠን ድርብ ፈትሉ ሴሉሎሱ ላይ ይይዛል፤ ሌላው በአብዛኛው ይታጠባል። ኢታኖሉ በጣም ካነሰ የምንፈልገው አብሮ ይፈስሳል፤ ከበዛ ነጠላ ፈትሉና ዲ ኤን ኤው ሁሉ ተጣብቆ ጄሉ ላይ ጭጋግ ብቻ ይታያል። ከዚያ ያለ ኢታኖል ታጥቦ ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁለት እጥፍ ተኩል ንጹሕ ኢታኖል ተጨምሮበት ይዘቅጣል።

ንጹሕ ኢታኖል ስንጠይቅ ከመጋዘን የወጣልን ለእጅ ማጽጃ የተገዛው የ70 ከመቶ አልኮል ነው። «ኢታኖል ኢታኖል ነው» ተባልን። ሒሳቡን እንሥራው። በንጹሕ ኢታኖል ሁለት እጥፍ ተኩል ሲጨመር ድብልቁ 71 ከመቶ ይደርሳል፤ በ70 ከመቶው ግን 50 ላይ ይቀራል፤ ማዝቀጫው ጉልበት ያጣል። ለማጽጃ የሚሸጠው ላይ ደግሞ እንዳይጠጣ የተጨመረበት ነገር አለ። በዚያ አልኮል የተሠራው ሥራ ውጤቱ «የለም» ሆኖ ተመዘገበ። «የለም» የተባለው ቫይረሱ ይሁን ኢታኖሉ ማንም ሊለየው አይችልም። ሴሉሎሱም ሌላ ጣጣ አለው። በየጽሑፉ የሚጠቀሰው ሲኤፍ-11 የሚባለው ምርቱ ቆሟል፤ ሌላ የቃጫ ሴሉሎስ ዱቄት ተፈትሾ ይሠራል። ጨረታው ግን «ስሙ ከዝርዝር መግለጫው ጋር አይገጥምም» ተብሎ ተሰረዘ፤ ከገበያ የወጣ ዕቃ በስሙ እንዲቀርብ መጠበቅ ማለት ነው።

አራተኛው፣ «ቫይረስ» የሚለው ቃል ያመጣብን መዘዝ። የሥራ ዕቅዳችን የሰው በሽታ አምጪዎች በሚታዩበት ቅጽ እንዲሞላ ተደረገ፤ «ታካሚው ለየት ብሎ የሚቀመጥበት ክፍል አለ ወይ» የሚል ጥያቄ ያለበት ቅጽ ነው። የቼስትነቱ ቫይረስ የፕሮቲን ቅርፊት እንኳ የለውም፤ ከፈንገሱ ሕዋስ ውጭ የሚንቀሳቀስበት ኑሮ የለውም፤ የሚሻገረው ክር ከክር ሲዋሐድ ወይም በስፖር ውስጥ ነው። ምንም ቁጥጥር አያስፈልግም ማለታችን ግን አይደለም። የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ የሚባለው የዕፅዋት ቫይረስ በ2017 በተፈጥሮ ፈንገስ ውስጥ ተገኝቷል፤ ድንበሩ እንደምናስበው ጥብቅ አይደለም። ስለዚህ ሥራው በዝግ ሳጥን ውስጥ፣ በተቆረጠ ቅጠል ላይ እንዲሆን ራሳችን ጠይቀናል። የሚመዝነን ግን የዕፅዋት በሽታ የሚያውቅ ሰው ይሁን።

አምስተኛው፣ «የሚሠራ ከሆነ ከውጭ ይምጣ» የተባለው መልስ። ይህ ከሁሉ በላይ አሳስቦናል። ቫይረሱ በጠርሙስ ታሽጎ የሚመጣ መድኃኒት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሕይወት ካለ በሽታ አምጪ ፈንገስ ውስጥ ሆኖ ነው። ባዕድ ቦትራይቲስ ወይም ባዕድ ፉዛሪየም አገር ማስገባት ማንም ኳራንቲን አይፈቅድም፣ ሊፈቅድም አይገባም። ቢገባም ላይሠራ ይችላል። የቼስትነቱ ቫይረስ አውሮፓ ላይ ሲሳካ አሜሪካ ላይ በአብዛኛው የከሸፈበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ፈንገሱ ክሩን ከሌላው ጋር የሚያዋሕደው ስድስት በሚሆኑ ጂኖች ሲመሳሰሉ ነው። በብዙ የአውሮፓ ቦታዎች የመጣጣም ቡድኖቹ ጥቂት በመሆናቸው ቫይረሱ ከቁስል ቁስል ተሻገረ፤ አሜሪካ ላይ ቡድኖቹ ብዙ ስለነበሩ ከተበሳው ዛፍ አልፎ አልሄደም። በሜሪላንድ ያሉ ተመራማሪዎች በ2016 ይህን አጥር ጂኖቹን በማሰናከል ያለፈ ፈንገስ ሠርተዋል፤ ያም ቢሆን ከራሱ ከዚያው ፈንገስ የተሠራ ነው። ለእኛ ባቄላ የሚሆን ቫይረስ ካለ የሚገኘው በእኛው ባቄላ ላይ ካደረው ፈንገስ ውስጥ ነው። ኦቶክሌቭ የገባውን ደግሞ ከየትም ገዝተን አንተካውም።

ስድስተኛው የምዘና ጉዳይ ነው። ዕቅዱ «በአንድ የምርት ዘመን ለአርሶ አደሩ የደረሰ ቴክኖሎጂ» በሚል መለኪያ ተመዝኖ ዜሮ አግኝቷል። ከቢራጊ የሻረ ቅርፊት እስከ ቫይረሱ ማረጋገጫ አርባ ዓመት ነው። አርባ ዓመት ስጡን አንልም። ነገር ግን የማንችለውን ቃል ገብተን ነጥብ መግዛትም አንፈልግም፤ የትኛው ሰብል ተስፋ እንዳለው በግልጽ እንናገራለን። ዋግ ሳህን ላይ ስለማያድግ በዚህ ዘዴ መጀመር ከንቱ ነው። የቡና አድርቅ በሽታ ረጅም ዕድሜ ባለው ተክል ላይ በመሆኑ ከቼስትነት ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም ፈንገሱ በግንዱ የውኃ መተላለፊያ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ዙሪያውን በስተን የምንሞላው የቅርፊት ቁስል የለም። የባቄላው ቸኮሌት ስፖት በአንድ ወቅት ብዙ ጊዜ በስፖር ይሰራጫል፤ ስፖር የማይሰጥ ታማሚ ፈንገስ ከዚያ ፍጥነት ጋር ይወዳደራል ወይ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ለጅማሬ ግን ናሙናው የሚበዛውና ፈተናው የሚቀለው እሱ ላይ ነው። የነጭ ሽንኩርቱ ነጭ ብስባሽ አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ፣ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ፈንገስ ስለሆነ በአስተያየታችን ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ጃፓኖች በፍራፍሬ ዛፎች ሥር ላይ ለሚደርሰው ነጭ ብስባሽ የያዙት መንገድ ይህን ይመስላል፤ ትልቅ የናሙና ክምችት አበጥረው ፈንገሱን የሚያደክም ቫይረስ ለይተው በ2009 አሳውቀዋል። ያገኙት ክምችት ስለነበራቸው ነው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የማስወገዱ ሥራ ዛሬውኑ ይቁም። ገና ያልተቀቀሉት ሳህኖች ወደ ክምችት ክፍሉ ይመለሱ፤ የተቀቀሉትም የናሙና ቁጥራቸው፣ የተሰበሰቡበት ቦታና ቀን በዝርዝር ይሰጠን፤ ወደዚያው ማሳ ልንመለስ እንችላለን።

በመዝገቡ ላይ «የኮሎኒ መልክ» እና «የንክኪ ፈተና ውጤት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩ። ከበርካታ ጤነኞች ጋር ተፈትኖ ድካሙ ያልተላለፈ ናሙና ሊወገድ ይችላል፤ በዚህ እንስማማለን፣ የቦታውንም ችግር በከፊል ያቃልላል። ሳይፈተን ግን አይጣል።

ከዲፕ ፍሪዘሩ ሁለት መደርደሪያ ለእነዚህ ይለይ፤ ለውኃው ቅጂ አንድ ተራ ማቀዝቀዣ ይበቃል።

የግዥ ዝርዝር መግለጫ ዕቃውን በንግድ ስም ሳይሆን በጥራቱና በሥራው ይግለጽ፤ ኢታኖል 99 ከመቶና ከዚያ በላይ ተብሎ ይጻፍ፤ ርክክብ ሲደረግ ከላቦራቶሪው አንድ ሰው ይገኝ።

የባዮሴፍቲ ምዘናው ለዕፅዋት በሽታ አምጪዎች በተለየ ቅጽ ይሁን። የሥራ ዕቅዱም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሚመዘነው በተፈተኑ ናሙናዎች ብዛትና በተጠበቁ ቅጂዎች እንጂ ለአርሶ አደር በደረሰ ቴክኖሎጂ አይሁን።

መልሱ በጽሑፍ፣ የዘንድሮው የባቄላ ናሙና መሰብሰቢያ ከመጀመሩ በፊት እንዲደርሰን እንጠይቃለን። የሐምሌ ዝናብ ከገባ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ ለዘንድሮ አይሆንም።

ከሰላምታ ጋር

የማዕከሉ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪዎች፣
የማይኮሎጂ ላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች፣
የፈንገስ ክምችት ክፍል ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍል
ለባዮሴፍቲ ኮሚቴ
ለዕቅድና ምዘና ክፍል